የልብ ድካምን ልብ ማለት

በአማርኛችን «ልብ» የአካል ክፍል ስም ብቻ አይደለም። «ልብ አለ» ስንል አስተዋለ ማለታችን ነው፤ «ልበ ቢስ» ስንል ደግሞ የማያስተውል ማለታችን ነው። ስለ ልብ ድካም የሚጻፍ ጽሑፍ ከዚህ ቢነሣ ያለ ምክንያት አይሆንም። ሕመሙ በማስተዋል የሚታወቅ፣ ባለማስተዋልም የሚገድል ነውና። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም እንደ አንበሳሜ ባሉ የወረዳ ከተሞች በልብ ድካም የተያዘን ሰው ለመታደግ በቅርብ የሚገኘው መሣሪያ የነርሷ ምዘና ነው፤ ይህ ምዘና ግን የሚጠቅመው በሕመምተኛው ቋንቋና በሕመምተኛው ኑሮ ሲጠየቅ፣ ከቀን ወደ ቀንም ሲነጻጸር ነው የሚል ነው።

በቅድሚያ የቃሉን ትርጉም ማጥራት ያሻል። በተለምዶ ሰው በድንገት ወድቆ ሲሞት «በልብ ድካም ሞተ» ይባላል። በሕክምና አነጋገር ግን የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ተሳነው ማለት ነው። የጤነኛ ጎልማሳ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህ መጠን ሲጓደል ኩላሊት የደም እጥረት የደረሰ መስሎት ውሃና ጨው ይዞ ያስቀራል። የተያዘውም ውሃ ወደ ሳንባ፣ ወደ እግርና ወደ ሆድ ይሰርጋል። ስለዚህ የልብ ድካም የሚባባሰው አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ነው። የሚያየው ሰው ካለ አስቀድሞ ይታያል ማለት ነው።

ሕመሙ በእኛ አገር

በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ድካም በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። በእኛ አህጉር መልኩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ገደማ ነበር። ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው የደም ግፊት ሲሆን 45 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም 14 በመቶ ያህል ድርሻ አለው። በበለጸጉት አገሮች ዋነኛ የሆነው የልብ ደም ሥሮች መጥበብ በዚህ ጥናት 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። በ6 ወር ጊዜ ውስጥም ከ100 ሕመምተኞች ወደ 18 የሚሆኑት ሞተዋል።

ከእነዚህ መንስኤዎች መካከል ለገጠሩ ሕዝብ ይበልጥ የሚያሳዝነው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሚነሣው በሕፃንነት ከሚይዝ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያስከተለው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያው ራሱ የልብን በሮች ያቆስላል። በደጋው አገራችን ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉ ሲቆረጥ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋውም። ከጉሮሮው በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመምም እንደ ተራ ቁርጥማት ይቆጠራል። በደራ ወረዳ እንደሚገኘው ዋንዛዬ ያሉ ፍል ውሃዎችን ለቁርጥማት ፈውስ የሚሻ ሰው ብዙ ነው፤ ፍል ውሃ መገጣጠሚያን ቢያስታግስም በልብ በር ላይ የተጀመረውን ጉዳት አያቆመውም። ይህን የሚገታው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። መርፌው ያመለጠው ልጅ ከዓመታት በኋላ በ20ዎቹ ዕድሜው ትንፋሹ እያጠረው ወደ ጤና ተቋም ይመጣል።

የተበላሸን የልብ በር መጠገን በአገራችን ለረጅም ጊዜ የማይታሰብ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ጥረት እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት መድረሱ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት ብዛት ጋር ሲነጻጸር ዕድሉን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የልብን ሥራ በምስል የሚያሳየው ኢኮካርዲዮግራፊም ቢሆን መሣሪያውና ባለሙያው በትልልቅ ከተሞች የተከማቹ ናቸው። ከአንበሳሜ ገጠር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር መሄድ የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ አለው። ብዙው ሕመምተኛ ይህን ጉዞ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያደርግ ነው። በቀሩት ቀናት የልቡን ሁኔታ የሚነግረን ምንድን ነው? መልሱ የነርሷ ዓይን፣ ጣት፣ ጆሮና ጥያቄ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባለ በኋላ

ማለዳ ነርሷ ወደ አልጋው ቀርባ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል መልስ ታገኛለች። በካርዱም ላይ ሕመምተኛዋ ምንም ስሞታ እንደሌላቸው ይጻፋል። ይህ መልስ ግን የጨዋነት መልስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ያነጉ እናት ይህንኑ ይመልሳሉ። ምዘና የሚጀምረው ከሰላምታው በኋላ ነው።

ከሰላምታው በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሊታሰብበት ይገባል። በዓለም ከታወቁት የልብ ድካም መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የካንሳስ ሲቲ መጠይቅ ነው። ከ23ቱ ጥያቄዎቹ መካከል በከተማ መንገድ ከአንዱ መስቀለኛ እስከ ቀጣዩ ስለ መሄድ፣ አንድ ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ስለ መውጣት፣ ትንፋሽ እንዳያጥር ቢያንስ በ3 ትራስ ተደግፎ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ማደር የሚጠይቁ ይገኙበታል። መጠይቁ ለተዘጋጀበት ሕዝብ እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በመደብ ላይ ጀንዲ አንጥፎ ለሚተኛ ገበሬ «በስንት ትራስ ይተኛሉ?» ቢባል «በአንድ» ይላል፤ ያለው አንድ ነውና። ይህ መልስ ጤነኛ ያስመስለዋል። መለኪያ በተሠራበት አገር ትክክል መሆኑ በሌላው አገር ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ በማንኛውም የሳይንስ ዘርፍ የታወቀ መርህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከኑሮው መውጣት አለበት። «ሌሊት ምን ተደግፈው ይተኛሉ?»፣ «ትንፋሽ አጥሮዎት በሌሊት ተነሥተው ደጅ የሚወጡበት ጊዜ አለ?»፣ «ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ስንት ቦታ ያርፋሉ?»፣ «ከገበያ ሲመለሱ ከጎረቤትዎ እኩል ይደርሳሉ ወይስ ወደ ኋላ ይቀራሉ?»፣ «ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት እንደ ዓምናው ይወጡታል?» የሚሉት ጥያቄዎች የደረጃውንና የትራሱን ጥያቄ ተክተው ይሠራሉ። ከሁሉም የሚልቀው ደግሞ «ዘንድሮ ማን አረሰ?» የሚለው ነው። ሰው ሲደክመው ሥራውን ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይተዋል። ከዚያ በኋላ «ይደክምዎታል?» ቢባል «አይደክመኝም» ይላል፤ የሚያደክመውን ሥራ ትቶታልና። የተተወውን ሥራ ያልጠየቀ ነርስ ሕመሙን አያገኘውም።

እ.ኤ.አ. በ1928 የኒው ዮርክ የልብ ማኅበር ያወጣው ባለ 4 ደረጃ ምደባ እስከ ዛሬ የሚሠራበት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚጠይቀው «ከተለመደው ሥራ አንጻር» ነው። የተለመደው ሥራ ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። እያረሰ የማይቸገረው አንደኛ ደረጃ፣ ሲያርስ የሚያለከልከው ሁለተኛ ደረጃ፣ ከቤት እስከ ጓሮ ሲሄድ የሚያርፈው ሦስተኛ ደረጃ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው አራተኛ ደረጃ ነው ቢባል ለአንበሳሜ ነርስም ለሕመምተኛውም ግልጽ ይሆናል።

ለሴቶች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከወሊድ በፊት ባለው የመጨረሻ ወርና ከወሊድ በኋላ ባሉት 5 ወራት የሚነሣ የልብ ጡንቻ ድካም አለ። አራስ ስትደክምና እግሯ ሲያብጥ «ብርድ ነው» ወይም «የወሊድ ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል። በመሆኑም ትንፋሽ ያጠራት ወጣት ሴት ሁሉ «ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» ተብላ መጠየቅ ይኖርባታል።

ማየትና መዳሰስ

እብጠት ሁሉ የልብ አይደለም። የልብ ድካም እብጠት በአብዛኛው ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ በጣት ጥቂት ሰከንድ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ወደ ማታ ይጨምራል። ተኝቶ የሚውል ሕመምተኛ ግን እግሩ ላያብጥ ይችላል፤ ውሃው ወደ ወገቡ ይወርዳልና ነርሷ ወገቡን ካልዳሰሰች አታገኘውም። ጠዋት ከፊትና ከዓይን ዙሪያ የሚጀምር እብጠት ኩላሊትን ያስጠረጥራል። በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ እብጠት ደግሞ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ይጀምራል፤ የአንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ሲቆይ ይጠነክራል። ሕመምተኛው በ45 ዲግሪ ተደግፎ ሲቀመጥ የአንገቱ ደም መልስ ተወጥሮ መታየቱ፣ ሳንባው ሥር የሚሰማው የመንኮሻኮሽ ድምፅ፣ የቀኝ ጎኑ ሲዳሰስ ማመሙ ከእብጠቱ ጋር ተደምረው ወደ ልብ ያመለክታሉ።

ምልክቶችን አንድ ላይ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ የደቡብ ጎንደር ሰው ከሌላ በሽታ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የካላ አዛር ወረርሽኝ መኖሩ ከመታወቁ በፊት ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። የሚጠበቀው በሽታ ዓይንን ሲሞላው ያልተጠበቀው ሳይታይ ይቀራል። ትንፋሽ ያጠረውና የሚያስለው ሰውም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ለሳንባ ምች፣ ሌላ ጊዜ ለአስም ታክሞ ያልተሻለው ሕመምተኛ ሲመጣ «ጋደም ሲሉ ይብስብዎታል?» የምትል አንዲት ጥያቄ መንገዱን ልትቀይር ትችላለች።

ቁጥሩ የሚናገረው

በልብ ድካም ምዘና ውስጥ እጅግ ርካሹና እጅግ የሚናቀው መሣሪያ ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ሕመምተኛ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እግሩ ጎልቶ ከማበጡ በፊት ይታያል። ነገር ግን ክብደቱ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት መለካት አለበት። በደጋ አገር ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋቢ ከአንድ ኪሎ ያላነሰ ሊመዝን ይችላል፤ ዛሬ ከነጋቢው ነገ ያለጋቢው የተመዘነ ሰው ውሃው የወጣለት ይመስላል። በዚህ ስሕተት ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ሊቀነስበት ይችላል።

ሽንትን መለካትም እንዲሁ ነው። የመለኪያ ዕቃ ከሌለ የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በምልክት ተከፋፍሎ ይሠራል፤ አስታማሚው ይህን በቀላሉ ይማራል። የሚጠጣውም መቆጠር አለበት። ውሃ ብቻ ሳይሆን ጠላው፣ አጥሚቱ፣ ሻዩና ጠበሉ ጭምር ይቆጠራል። ጠበል የሚጠጣ ሕመምተኛ ተግሣጽ አያስፈልገውም፤ ተግሣጽ የቀመሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል። መጠኑን እንዲያሳንስና መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ በአክብሮት መንገር ይበቃል። ጾምም በዚሁ መንገድ ይታያል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን መድኃኒት ወዴት እንዳዞረው ካልተጠየቀ አይናገርም። ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር መንገርም የሕክምናው አካል ነው። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወጡ፣ ዳቦው፣ አዋዜው፣ በአንዳንድ ቤት ቡናውም ጨው አላቸውና «ጨው ይቀንሱ» ከማለት «ጨው የሚገባው በየትኛው ምግብዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የልብ ምትም ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ ልብ ብዙ ጊዜ ምቱ ይዛባል። ደካማዎቹ ምቶች እስከ አንጓ አይደርሱም፤ ስለዚህ በእጅ የተቆጠረው ምት በደረት ላይ በማዳመጫ ከተቆጠረው ያንሳል። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እንዲህ ባለ ልብ ላይ ያሳስታል፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው። ይህ በተለይ ዲጎክሲን ለሚወስድ ሕመምተኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ ዲጂታሊስ ቅጠል ከጻፈ ጀምሮ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ መሆኑ ታውቋል። የአዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው ካስመለሰውና ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ከታየው፣ ነርሷ ክኒኑን ይዛ ሐኪሙን መጥራት ይኖርባታል።

የኦክስጅን መለኪያውም ሲነበብ አገሩ መታሰብ አለበት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ትላለችና ዝቅ ያለ ቁጥር ሲታይ «ደጋ ስለሆነ ነው» ማለት ይቀናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ደገኛ ላይ 85 የሚል ቁጥር ቢታይ የአየሩ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ነርሷ ብዙ ሕመምተኛ ተሸክማ ይህን ሁሉ መቼ ትጠይቃለች?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ በየቀኑ አይደገምም። ረጅሙ ጥያቄ ሕመምተኛው ሲገባ አንድ ጊዜ ይደረጋል። በየጠዋቱ የሚፈለጉት ክብደት፣ ሽንት፣ ምት፣ ግፊት፣ ትንፋሽና «ሌሊቱን ምን ተደግፈው አደሩ?» የምትለው ጥያቄ ናቸው። ዛሬም ነርሶች ቅጽ ይሞላሉ፤ በሥራ ላይ የሚባክነው ጊዜ የሚነበብ ነገር በማይጻፍበት ቅጽ ላይ የሚጠፋው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ምልክት ያታልላል፤ ኢኮ ያስፈልጋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የትኛው በር እንደተበላሸ ወይም ጡንቻው ምን ያህል እንደደከመ በጣት አይታወቅም። ኢኮ ግን የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ ምዘናው የየቀኑ ማስታወሻ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። እንዲያውም ማን ቀድሞ ወደ ኢኮ መላክ እንዳለበት የሚወስነው በሚገባ የተጻፈ ምዘና ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ያለው አደጋ ስውር ነው። ሕመምተኛው «ልቤን አፈነኝ» ሲል ነርሷ በአእምሮዋ ተርጉማ የትንፋሽ ማጠር ነው ወይም የደረት ሕመም ነው ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ የሚያመሩትም ወደተለያየ ሕክምና ነው። ግኝቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም የሕመምተኛው ቃል እንደወረደ በአማርኛ ቢሰፍር ለሚቀጥለው ተረኛ ነርስም ሆነ ለሐኪሙ ትልቅ ጥቅም አለው።

ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች የማሻሻያ ትግበራ መመሪያ ለነርሶች አገልግሎት ራሱን የቻለ ደረጃ አስቀምጦ ነበር። የሐሳቡ መሠረት ተጥሏል ማለት ነው። የጎደለው ይዘቱን ከአገሩ ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። ለዚህም ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የበለጠ የቀረበ የለም። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ለገጠሩ ሲያሠለጥን የኖረ ከተማ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ለዚሁ ሕዝብ ነርሶችን ያስተምራል።

እንግዲህ የሚከተለው ሥራ ለአንድ የምርምር ቡድን የሚከብድ አይደለም። አሥር ያህል የአማርኛ ጥያቄዎች ከገበሬዎች፣ ከእናቶችና ከነባር ነርሶች ጋር ይዘጋጁ። በወረዳ ጤና ተቋማት ነርሶች ይጠይቋቸው። ከዚያም እነዚሁ ሕመምተኞች ኢኮ ሲነሡ መልሶቻቸውና ውጤቱ ይነጻጸሩ። የትኛው ጥያቄ ልብን እንደሚያገኝና የትኛው እንደሚስት በቁጥር ይታወቃል። ሁለት ነርሶች አንዱን ሕመምተኛ ለየብቻ ጠይቀው አንድ መልስ ማግኘታቸውም ይፈተናል። «ዘንድሮ ማን አረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከሦስት ትራስ የተሻለ መለኪያ መሆኑ በዚህ መንገድ ይረጋገጣል፤ ካልሆነም ይጣላል። ሳይንስ ማለት ይህ ነው።

እስከዚያው ድረስ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ሦስት ቀላል ነገሮችን ማድረግ ይችላሉ። በየተኝቶ ሕክምና ክፍሉ የሚሠራ ሚዛን ያስቀምጡ፤ የክብደቱ ሠንጠረዥ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀል፤ ነርሷ በጠዋቱ ጉብኝት ከሐኪሙ ፊት ቆማ የሌሊቱን ግኝት ቀድማ ትናገር። ነርሷ ያየችው ነገር ውሳኔ የሚቀይር መሆኑን ካላወቀች ምዘናው ቅጽ ከመሙላት አያልፍም። ውሳኔ የሚቀይር መሆኑን ካወቀች ግን «ደህና ነኝ» ያሉትን እናት ሌላ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ አታልፋቸውም።